በነፃ የሚገኝ ሁሉ ካታሎግ ይገባል ወይ? ክፍት ጆርናሎችን ለዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ስለ መምረጥ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ በቃል የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሎ የተጻፈ)

ከኮተቤ፣ ከሲ.ኤም.ሲ. እና ከጉርድ ሾላ ተነሥታችሁ የመገናኛን መጨናነቅ ታግሣችሁ እዚህ ቦሌ ድረስ ስለ መጣችሁ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ወደ ርእሴ ከመግባቴ በፊት አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዛሬው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። በኢንተርኔት ላይ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊያነባቸው የሚችል በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የጥናት ጆርናሎች አሉ። የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ከእነዚህ ውስጥ የትኞቹን በካታሎጉ ይመዝግብ? ገንዘብ ካልተከፈለባቸው ሁሉንም ብናስገባ ምን ይጎዳል? ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙ ጊዜ መልሱን የያዙ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ጉዳቱ ከፍ ያለ ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቴንም ላስረዳ።

እኔ በስድስት ኪሎው የጆን ኤፍ. ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት የካርድ ካታሎግ መሳቢያ እየሳብኩ በተማርኩበት ዘመን፣ አንድ የውጭ ጆርናል በመደርደሪያ ላይ መገኘቱ ራሱ ምስክርነት ነበር። የትምህርት ክፍሉ ጠይቆታል፤ ኮሚቴ ተከራክሮበታል፤ የውጭ ምንዛሪ ተለምኖለታል። የገንዘብ እጦት ብዙ ነገር ነፍጎናል፤ ነገር ግን ሳናስበው አንድ አገልግሎት ይሰጠን ነበር፤ እንድንመርጥ ያስገድደን ነበር። ዛሬ ያ ግዴታ የለም፤ ተማሪው ግን ካታሎጉን የሚያምነው በዚያው በቀድሞው እምነት ነው። በቤተ መጻሕፍቱ ገጽ ላይ ያገኘውን ጆርናል «ዩኒቨርሲቲዬ ያየውና የተቀበለው» ብሎ ይወስደዋል። እኛ ሳናየው ካስገባነው ያልመሰከርንበትን ነገር እንደ መሰከርንበት አድርገን አቀረብን ማለት ነው።

በመጀመሪያ «ነፃ» እና «ክፍት» የሚሉትን ሁለት ቃላት እንለይ፤ በእኛ አገር በየስብሰባው ይደባለቃሉና። በጥር 2002 የዓለም የጤና ድርጅት ከታላላቅ አሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ ሂናሪ የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። በዚህ ፕሮግራም፣ ከጊዜ በኋላም ሪሰርች ፎር ላይፍ በተባለው ሰፊ ጥላ ሥር፣ ኢትዮጵያ ክፍያ ከማይጠየቁት አገሮች ተርታ ተመድባ ብዙ ሺህ የሕክምናና የሌላም ሙያ ጆርናሎችን አግኝታለች። ይህ ትልቅ ውለታ ነው፤ ሆኖም ጆርናሎቹ ክፍት አይደሉም። በር ተከፈተልን እንጂ ቁልፉ የእኛ አልሆነም። የአገሪቱ የገቢ ምድብ ሲለወጥ ወይም አሳታሚው ሐሳቡን ሲቀይር በሩ ሊዘጋ ይችላል፤ የይለፍ ቃሉም የተቋሙ እንጂ ተመርቆ የወጣው ሐኪም አይደለም። በሚቀጥለው ወር፣ በየካቲት 2002፣ ይፋ የሆነው የቡዳፔስት መግለጫ ግን ሌላ ነገር ጠየቀ፤ ማንም ሰው የጥናት ጽሑፍን ያለ ክፍያ እንዲያነብ ብቻ ሳይሆን እንዲገለብጥ፣ እንዲያሰራጭ፣ እንዲፈልገውና እንዲጠቀምበት አስቀድሞ ፈቃድ ይሰጥ አለ። ልዩነቱ ለካታሎግ ሠራተኛው ተግባራዊ ነው። ክፍት የሆነውን በሕግ ቅጂ ልናስቀምጥ እንችላለን፤ በነፃ የተፈቀደልንን ግን አንችልም።

ክፍት ተደራሽነት ለእኛ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በዚህ በምሥራቁ የከተማችን ክፍል ብቻ ሲ.ኤም.ሲ. መንገድ ላይ የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮተቤ ላይ ነባሩ የመምህራን ማሠልጠኛ ያደገበት ዩኒቨርሲቲ፣ ገርጂ ላይ ዩኒቲ ዩኒቨርሲቲ አሉ፤ በየሕንፃው ፎቅ የሚያስተምሩትን የግል ኮሌጆች ሳንቆጥር። ጉርድ ሾላ ደግሞ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም፣ ኢልሪ፣ አለ። መሠረቱ በ1974 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ማዕከል ነው። ኢልሪ አባል የሆነበት የምርምር ማኅበር በ2013 ክፍት የኅትመት ፖሊሲ አውጥቷል፤ ውጤቶቹም ሲጂስፔስ በተባለው ዲጂታል ማከማቻ ለማንም ይገኛሉ። ከተቋሙ አጥር ውጭ በታክሲ ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ ያለ የኮሌጅ ተማሪ ስለ አገሩ በጎች በሽታ የተጻፈውን ለማንበብ ማንንም መለመን የለበትም። ይሁን እንጂ የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ወደዚያ ካልመራው ተማሪው የሚያገኘው በፍለጋ ሞተር መጀመሪያ የመጣለትን ነው። የመጣለት ደግሞ ምን እንደሆነ እንመልከት።

ኮሎራዶ ዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጄፍሪ ቢል በ2010 ግድም ለአንድ ዓይነት አሳታሚዎች «አዳኝ» የሚል ስም አወጣ። እኔ በአማርኛ «አታላይ አሳታሚ» ማለቱን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ሥራቸው ማደን ሳይሆን ማስመሰል ነው። ከደራሲው ገንዘብ ይቀበላሉ፤ በምላሹ ሊሰጡ የሚገባውን የአቻ ግምገማ አይሰጡም። ሼንና ብዮርክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2015 ባሳተሙት ጥናት በእነዚህ ጆርናሎች የወጡት ጽሑፎች በ2010 ከነበሩበት 53,000 ገደማ በ2014 ወደ 420,000 እንዳደጉ ገመቱ፤ አማካይ ክፍያው 178 ዶላር፣ ከደራሲዎቹም ሦስት አራተኛው የእስያና የአፍሪካ ሰዎች ነበሩ። ግምቱ ተጋንኗል የሚሉ አሉ። ቢጋነንም ለአንድ ጀማሪ የኢትዮጵያ መምህር 178 ዶላር ምን እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ። ለማዕረግ እድገቱ ጽሑፍ ያስፈልገዋል፤ «በአምስት ቀን እናሳትምልዎታለን» የሚል ኢሜይል ይደርሰዋል፤ ከቤተሰቡ ጉርስ ቀንሶ ይከፍላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የማዕረግ ኮሚቴው ጽሑፉን አይቆጥርለትም፤ ለእውነተኛ ጆርናል ዳግመኛ እንዳይልከውም ታትሟል ተብሎ ይመለስበታል። ገንዘቡም ጥናቱም ጠፉ። እንዲህ ያለው ሰው ያንን ጆርናል በራሱ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ውስጥ ካየው ማንን ይውቀስ?

በጥቅምት 2013 ሳይንስ መጽሔት ላይ ጋዜጠኛው ጆን ቦሃነን ያወጣው ሥራ ለእኛ በተለይ ቅርብ ነው። ከድንጋይ ሽበት የተገኘ ንጥረ ነገር የካንሰር ሕዋሳትን እድገት ይገታል የሚል፣ ማንኛውም ጠንቃቃ ገምጋሚ በቀላሉ ሊያያቸው የሚገቡ ስሕተቶች ሆን ተብሎ የተሰገሰጉበት የሐሰት ጽሑፍ አዘጋጅቶ ለ304 ክፍት ጆርናሎች ላከ። 157ቱ ተቀበሉት፤ 98ቱ መለሱት። ከሐሰተኛ ደራሲዎቹ አንዱን አስመራ ላይ የሚገኝ፣ በእውን የሌለ የሕክምና ተቋም ባልደረባ አድርጎት ነበር። ጎረቤታችን ያለች ከተማ ለማታለያ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ ማንም ደውሎ ተቋሙ መኖሩን እንደማያረጋግጥ ታስቦ ይሆናል። የሆነውም እንደዚያው ነው።

ከዚህ ፈተና እኔ የማነሣው ብዙ ሰው የማያነሣውን ክፍል ነው። ቦሃነን ጽሑፉን የላከላቸውን ጆርናሎች የወሰደው ከሁለት ዝርዝሮች ነበር። አንደኛው የቢል ጥቁር መዝገብ ነው፤ በዚያ ካሉትና ውሳኔያቸውን ካሳወቁት 82 በመቶው ጽሑፉን ተቀበሉ። ሁለተኛው በ2003 በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ በ300 ጆርናሎች የተጀመረው የክፍት ጆርናሎች ማውጫ፣ ዲ.ኦ.ኤ.ጄ.፣ ነው፤ በመልካም ስም ከሚታወቀው ከዚህኛውም 45 በመቶ ያህሉ ተቀበሉት። ነጩ መዝገብ ያን ያህል ነጭ አልነበረም፤ ጥቁሩም ሙሉ በሙሉ ጥቁር አልነበረም። ዲ.ኦ.ኤ.ጄ. በ2014 መመዘኛውን አጥብቆ የተመዘገቡት ሁሉ እንደገና እንዲያመለክቱ ጠየቀ፤ በ2016ም 3,300 ያህል ጆርናሎችን በአንድ ጊዜ ሰረዘ። የተሰረዙት ግን አታላይ መሆናቸው ስለ ተረጋገጠ አልነበረም፤ ማመልከቻውን በጊዜው ሞልተው ስላልመለሱ ነው። ሠራተኛ የሌለው፣ ዋና አዘጋጁ ከማስተማር በተረፈችው ሰዓት የሚሠራለት ጆርናል የዚህ ዓይነት ቅጽ ሲመጣለት ምን እንደሚያደርግ እዚህ ያላችሁ አዘጋጆች ታውቃላችሁ። የቢል መዝገብም በጥር 2017 ከኢንተርኔት ወረደ፤ ዛሬ በየቦታው የሚዞሩት ቅጂዎቹ ናቸው። ስለዚህ በዝርዝር ውስጥ መኖር ወይም አለመኖር ምርመራ የምንጀምርበት እንጂ የምንጨርስበት ሊሆን አይችልም።

እንግዲህ ራሳችን ማየት አለብን። እንዴት?

ከስሙ አትጀምሩ፤ ዓለም አቀፍ፣ አሜሪካዊ፣ አውሮፓዊ የሚሉ ቅጽሎች ምንም አይነግሩንም። እኔ የምጀምረው ከቅርብ ጊዜው እትም ሁለት ጽሑፎችን አውርዶ ለሙያው ሰው በመስጠት ነው። ይህን የሚተካ መሣሪያ አላየሁም። የአፈር ሳይንስ መምህር አንድን የአፈር ጽሑፍ በሃያ ደቂቃ አንብቦ የናሙናው አወሳሰድ የማይረባ መሆኑን ይነግራችኋል፤ ካታሎግ ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ድረ ገጹን ቢያጠና ያንን አያውቅም። ቀጥሎ የአርትኦት ቦርዱን እናያለን። ስሞቹ ከነተቋማቸው ተጽፈዋል ወይ? ከቦርዱ አባላት ለአንዱ ወይም ለሁለቱ በተቋማቸው አድራሻ ደብዳቤ መጻፍ ነውር አይደለም፤ «በዚህ ጆርናል ስምዎ መኖሩን ያውቃሉ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ በቂ ነው። ሃይደራባድ ላይ የተመሠረተው ኦሚክስ የተባለው አሳታሚ በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ተከስሶ በ2019 ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ሲፈረድበት፣ ከቀረቡበት ነጥቦች አንዱ የምሁራንን ስም እንደ አርታኢ ያለ ፈቃዳቸው መጠቀሙ ነበር።

አይ.ኤስ.ኤስ.ኤን. የሚባለውን ስምንት አኃዝ ያለው የመለያ ቁጥር በተመለከተ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ይታያሉ። አንዳንዱ ቁጥሩን የጥራት ማኅተም ያደርገዋል፤ አይደለም፤ መለያ ብቻ ነው፤ አታላዩም ያገኘዋል። ሌላው ደግሞ ጥራትን ስለማያሳይ ጨርሶ አያጣራውም። ቁጥሩን ፓሪስ ባለው ዓለም አቀፍ ማዕከል ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ የሚወጣው ርእስ፣ አሳታሚና አድራሻ በፊታችሁ ካለው ገጽ ጋር መመሳሰሉን አረጋግጡ። ዉልፌኒያ የተባለው የኦስትሪያ የዕፅዋት ሳይንስ ጆርናል ምን እንደ ደረሰበት አስታውሱ። በአንድ የክልል ሙዚየም በወረቀት የሚታተም፣ በኢንተርኔት ላይ እምብዛም የማይታይ የተከበረ መጽሔት ነበር። አጭበርባሪዎች በስሙና በቁጥሩ ድረ ገጽ ከፍተው ከየአገሩ ገንዘብ ሰበሰቡ። የእኛም አንጋፋ ጆርናሎች የራሳቸው የሚሠራ ድረ ገጽ ከሌላቸው ስማቸውን ለመስረቅ የሚያስቸግር ነገር የለም።

ስለ ክፍያም አንድ ቃል ልበል። ክፍት ጆርናል ሁሉ ደራሲውን ያስከፍላል የሚለው የተሳሳተ ነው፤ በዲ.ኦ.ኤ.ጄ. ከተመዘገቡት አብዛኞቹ ምንም አያስከፍሉም። ማስከፈልም በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ መጠኑን ደብቆ ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ መጥራት ነው። ኢምፓክት ፋክተር አለን የሚሉትን ደግሞ ቁጥሩን ማን እንዳሰላው ጠይቁ፤ ለገንዘብ ብለው ቁጥር የሚፈጥሩ ድርጅቶች አሉ። በየትኛውም የመረጃ ቋት ተመዝግበናል ካሉ ከእነርሱ ገጽ ሳይሆን ከቋቱ ከራሱ ፈልጉት።

አሁን ወደሚከብደው ጉዳይ ደረስኩ፤ ወደ ራሳችን ጆርናሎች። የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ከ1962፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ጆርናል ከ1963፣ ሲኔት የተባለው የሳይንስ ጆርናል ከ1978፣ የኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር ቡለቲን ከ1987 ጀምሮ የሚታተሙ ናቸው። ከአገራችን ጆርናሎች በርካቶቹን በ1998 በተጀመረውና ኋላ ወደ ደቡብ አፍሪካ በተዛወረው የአፍሪካ ጆርናሎች ድረ ገጽ፣ በአጆል፣ ማንበብ ይቻላል። ከእነዚህ ጎን ብዙ ወጣት የዩኒቨርሲቲ ጆርናሎች አሉ፤ ብዙዎቹም በውጭ መመዘኛ ሲለኩ ይወድቃሉ። እትማቸው ይዘገያል፤ ድረ ገጻቸው ይጠፋል፤ የፈቃድ መግለጫ የላቸውም። ዲ.ኦ.ኤ.ጄ. በቅርብ ሁለት እትሞች ውስጥ በአርታኢዎች፣ በቦርድ አባላትና በገምጋሚዎች የተጻፉ ጥናቶች ከ25 በመቶ እንዳይበልጡ ይጠይቃል። በአንድ ትምህርት ክፍል የሚታተም ጆርናል ደግሞ ቦርዱም ገምጋሚውም ደራሲውም ጎረቤታሞች ናቸው።

እኔ እዚህ ላይ የማጠብቀውና የማላላው ለየብቻ ነው። ዘግይቶ መታተም ድክመት ነው፤ ማታለል አይደለም። የ2022ቱን እትም በ2024 አውጥቶ ቀኑን በሐቅ የጻፈ ጆርናል ካታሎግ ሊገባ ይችላል፤ መዘግየቱ በማስታወሻ ይጻፍ። ዘግይቶ ሳለ ቀኑን ወደ ኋላ ቆጥሮ በጊዜው የወጣ ያስመሰለውን ግን አልቀበልም። የፈቃድ መግለጫ የሌለውን እንመዘግባለን፤ ቅጂውን ግን ሳናስፈቅድ አናከማችም፤ ፈቃድ ካልተሰጠ መብቱ በቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የባለቤቱ ሆኖ ይቆያልና። በቦርድ አባላት ጽሑፍ የተሞላውን ግን፣ የአገር ልጅ ነው ብዬ አላልፈውም። ለራስ ማዕረግ በራስ መጽሔት ራስን ማሳተም ልማድ ከሆነ ከአታላይ አሳታሚው የሚለየን የከፈልነው ገንዘብ ብቻ ይሆናል። ይህን ስናገር ቅር የሚላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ለሚታተሙት ደግሞ ተቃራኒው አደጋ አለ፤ መራጩ በእንግሊዝኛ ካልሆነ ዓለም አቀፍ አይደለም ብሎ ይጥላቸዋል። ዲ.ኦ.ኤ.ጄ. እንኳ በየትኛውም ቋንቋ የታተመ ጆርናል ይቀበላል። እኛ ከውጭው ማውጫ የባስን ጠባቦች መሆን የለብንም።

በመስከረም 2019 የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አጽድቋል። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት በየተቋሙ ማከማቻና በብሔራዊው ዲጂታል ማከማቻ እንዲቀመጥ ያዝዛል። ፖሊሲው ጥሩ ነው። ትእዛዙ ግን ማስቀመጥን እንጂ መምረጥን አይሠራልንም፤ ያ የቤተ መጻሕፍቱ ድርሻ ሆኖ ይቀራል።

ስለ ካታሎጉ ሥራ ጥቂት ልበልና ላብቃ። የዲ.ኦ.ኤ.ጄ.ን የከ20,000 በላይ ጆርናሎች መረጃ በነፃ አውርዶ በአንድ ቀን ወደ ኮሃ መጫን ይቻላል፤ ኮሃ በብዙ ቤተ መጻሕፍት የምንጠቀምበት፣ ኒውዚላንድ ውስጥ የተሠራው ነፃ ሶፍትዌር ነው። አታድርጉት። ተማሪው «ቡና» ብሎ ሲፈልግ ማንም በማያነባቸው ቋንቋዎች የተጻፉ ርእሶች ይጎርፉበታል። ከየትምህርት ክፍሉ ጋር የተመረጡ ጥቂት መቶዎች ይበቃሉ። አንድ ሰው ብቻውን አይምረጥ፤ አንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያና አንድ የሙያው መምህር አብረው ይፈርሙ፤ የመረጡበትም ቀንና ምክንያት በመዝገቡ ውስጣዊ ማስታወሻ ይጻፍ። ከአምስት ዓመት በኋላ ጆርናሉ ተሸጦ ወይም ተበላሽቶ ሲገኝ ተተኪያችን ምን አይተን እንደ ተቀበልነው ማወቅ አለበት። በዚያን ጊዜም መዝገቡ አይደምሰስ፤ «ከዚህ እትም ወዲህ ቤተ መጻሕፍቱ አይመርጠውም» ተብሎ ይጻፍበት፤ የቀድሞዎቹን እትሞች የጠቀሰ ተማሪ አለና።

ዓመተ ምሕረት ላይ ተጠንቀቁ። የአገር ውስጥ ጆርናል ሽፋኑ ላይ 2012 ብሎ ሲጽፍ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ 2019 ወይም 2020 ማለት ነው፤ ሳይለዩ የሚመዘግቡ ሰዎች አንዱን እትም ሁለት ያደርጉታል፤ ሰባት ዓመት የተቋረጠ ያስመስሉታልም። ከውጭ የሚመጡ መዝገቦች ደግሞ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስደው ደራሲያችንን ይገለብጡታል፤ ይስተካከል።

በመዝገቡ 856ኛ መስክ የምንጽፈው አድራሻ የማይከፈት ከሆነ ካታሎጋችን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሆናል። ከ2000 እስከ 2019 ባለው ጊዜ ከ170 በላይ ክፍት ጆርናሎች ከኢንተርኔት ጨርሰው እንደ ጠፉ አንድ ጥናት አሳይቷል። እኛ ዘንድ የሚጠፋው ጆርናሉ ብቻ አይደለም፤ ከሰኔ 2020 መጨረሻ ጀምሮ ለሳምንታት ኢንተርኔቱ ራሱ ተቋርጦ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ በየሴሚስተሩ አገናኞቹን በኮሃ መፈተሻ አስሩጡ። በየትኛውም የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የወጣውን ጽሑፍ ሳይለውጡና ሳይሸጡ መገልበጥ የተፈቀደ ነውና፣ የአገር ውስጦቹን ቅጂ በግቢያችን አገልጋይ ኮምፒዩተር ላይ አኑሩ። አዘጋጆች የሆናችሁ ደግሞ ጆርናላችሁ በኦፕን ጆርናል ሲስተምስ የሚሠራ ከሆነ የሶፍትዌሩ አበልጻጊዎች ያለ ክፍያ የሚሰጡት የዘላቂ ጥበቃ መረብ አለ፤ መመዝገብ ከአንድ ከሰዓት በኋላ የበለጠ አይፈጅም። የመመዘኛ ቅጹ ረቂቅ በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ስትወጡ አንድ አንድ ውሰዱና በትምህርት ክፍላችሁ በሚገኝ አንድ ጆርናል ላይ ሞክሩት። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።